ጅምር ስፌት፣ ጅምር ቤት

የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ የሚጀምር ሰው በአማርኛችን ስም ወጥቶለታል፤ ወረተኛ ይባላል። ወረት ክፉ ቃል ናት። ፍቅርም ይሁን ሥራ፣ ጓደኝነትም ይሁን ጸሎት፣ መጀመሪያ ላይ ነዶ ኋላ የሚከስመውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ታወግዛለች። ይሁንና ስድብ ማስረጃ አይሆንም። ሰውን ወረተኛ ብሎ ከመኮነን በፊት ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄ አለ፦ የተጀመረ ሥራ በጀማሪው ላይ ዕዳ አለው ወይ? ካለውስ ዕዳው የሚከፈለው ለማን ነው? ለሥራው? ሥራውን ለሚጠብቁት ሰዎች? ወይስ ለራስ?

ጥያቄውን ያነሳነው ለክርክር ያህል ብቻ አይደለም። እኛ ተማሪዎች ጅምር በዝቶብናል። የያንዳንዳችን ሳጥን ቢፈተሽ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ የቆመ ልብ ወለድ፣ አርእስቱ ብቻ ያማረ ግጥም፣ መግቢያው ተጽፎ መደምደሚያው የራቀ ጥናት አይታጣም። ታዲያ ማታ ማታ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ የምናወራው ስለነዚህ አይደለም፤ ስለ አዲሱ ነው። “አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል እኮ!” የማይል ማን አለ? “ያኛውን ጨረስኩት” የሚለውስ ስንቱ ነው?

ነገሩን ከእናቶቻችን እጅ ብንጀምረው ይሻላል። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሲወጡ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ይገኛሉ። ዋና ከተማዋን እንደ መቀነት ከከበቧት ከተሞች ሦስቱ ናቸው። ፕላስቲኩ ሰፌድ ገበያውን ቢያጥለቀልቀውም ስፌት ከነዚህ ከተሞች ገና አልጠፋም። ጓዳ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ ጅምር ሞሰብ ወይም ጅምር ሰፌድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። “የማን ነው?” ቢባል “የኔ ነው፣ ስንት ዓመቱ!” ትላለች ባለቤቲቱ እየሳቀች። ሳቋ ውስጥ ግን ትንሽ እፍረት አለች። ይቺ እፍረት ከየት መጣች? ሞሰቡ አልከሰሳት፣ ጎረቤት አልጠየቃት፣ እንጀራውም ያለ ሞሰብ አልቀረ። እፍረቷን መመርመር ጥያቄያችንን መመርመር ነው።

ስፌት ሦስት ዘመን አላት። አክርማውና ስንደዶው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ሲጠባ ይለቀማል፤ ይደርቃል፤ ከፊሉ ቀለም ይገባና አለላ ይሆናል። ከዚያ ወስፌ ተይዞ ከእምብርቱ ይጀመራል። ይህ የመጀመሪያው ዘመን ነው፤ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ግን ደስ ይላል። ገና ያልተሠራው ሞሰብ በሐሳብ ተሠርቶ አልቋልና፣ ያውም እንከን የሌለው ሆኖ! ሁለተኛው ዘመን መሐሉ ነው። ዙር በዙር ላይ ይደረባል፤ ዛሬ የተሠራው ትናንት ከተሠራው አይለይም፤ የሚያደንቅ የለም፤ ጣት ይወጋል፣ ወገብ ይደነዝዛል። ሦስተኛው ጠርዙ ነው። እዚያ ሲደረስ ደግሞ የመጀመሪያው ዙር ላይ የተሠራች ትንሽ ስሕተት ሰፍታ ትታያለች፤ ሞሰቡ አንገቱን ያጋደለ እንደሆነ የዚያን ጊዜ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ነው ምሥጢሩ። ያላለቀ ሥራ አይነቀፍም። ጅምሩን ያየ ሁሉ “ሲያልቅ እንዴት ያምር ይሆን!” ይላል። ያለቀ ሥራ ግን ፍርድ ፊት ይቆማል። ሁለት ምዕራፍ ላይ የቆመው ልብ ወለዳችን ከማንም ልብ ወለድ አያንስም፤ ያለቀ ቀን ግን አንድ ተራ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወደ አዲሱ የምንሸሸው አሮጌው ስለሰለቸን ብቻ አይደለም፤ አሮጌው ሊያልቅ ስለተቃረበ ነው። ወረትን ስንፍና ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው የምንለው ለዚህ ነው። ሰነፍ ሰው አሥር ነገር አይጀምርም። አሥር የሚጀምር ሰው ትጉ ነው፤ ትጋቱን ግን ከመመዘን መሸሸጊያ አድርጎታል።

በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ያለውን ሸማኔ ደግሞ ተመልከቱ። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲቀመጥ ድሩ ፊቱ ተወጥሯል። ማጉን በመወርወሪያ ያመላልሳል፤ ጥለቱ ላይ ሲደርስ እጁን ያዘገያል። የያዘውን ነጠላ ቆርጦ ሳያወርድ ሌላ ጥበብ ቢያምረው የት ይወጥረዋል? ዕቃው አንድ ነው። ሸማኔው የሚጨርሰው ከሰፊዋ ይልቅ ጨዋ ስለሆነ አይደለም፤ መሣሪያው ስለሚያስገድደው ነው። ስፌት፣ ጥልፍ፣ ዳንቴል፣ ግጥም፣ ጥናት ግን እንዲህ ያለ ቦታ አይዙም። አሥሩን ጀምሮ አሥሩንም ጥግ ማስቀመጥ ይቻላል። እንግዲያው ሸማኔው ከዕቃው የሚያገኘውን ሥርዓት እኛ ከራሳችን ማምጣት አለብን ማለት ነው። የሞራል ጥያቄ የሚጀምረውም አስገዳጁ በሌለበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በችኮላ እንዳናልፍ እንጠንቀቅ። ያቺ ሴት ሞሰቡን ያልጨረሰችው ወረተኛ ሆና ነው? ሞሰቡ ከተጀመረ ወዲህ ስንት ልጅ አሳድጋለች? ስንት ጊዜ ውሃ ወረፋ ቆማለች? ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ከነሱ መሐል ስንቷ ጅምር ስፌት ቤቷ አላት? የምትጨርስበት ሰዓት ግን የላትም። መጨረስ ጊዜ ይጠይቃል፤ ጊዜ ደግሞ በእኩል የተከፋፈለ ሀብት አይደለም። ስለዚህ ጊዜ ላጣ ሰው “ጨርስ” ብሎ መስበክ ግፍ ነው። ጊዜ የተሰጠውን ሰው ግን መጠየቅ ይገባል። እኛ የተሰጠን ነን። አንዳችን ቤት ላም ተሸጦ፣ አንዳችን ቤት እናት ስፌቷን ጥላ ጉልት ወጥታ ነው እዚህ የተቀመጥነው። እሷ ያልጨረሰችው እኛ እንድንጨርስ ነው።

ከስፌቱ ወደ ቤቱ እንለፍ። በሦስቱ ከተሞች መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መልክ አለ፦ ጣሪያው ተሞልቶ ከላዩ ላይ የብረት ፌሮ ወደ ሰማይ የቀሰረ ቤት፤ ግድግዳው በብሎኬት ቆሞ መስኮቱ ገና ክፍት የሆነ ቤት፤ ማገሩ ተማግሮ ጭቃ ያልተመረገ ቤት። ለመሆኑ ይህ ሁሉ የወረት ምልክት ነው? አይደለም። እዚያ ግቢ ውስጥ ጠጋ ብለን ብናይ ብዙ ጊዜ ሰርቪሷ ቀድማ ተሠርታ ቤተሰቡ እሷ ውስጥ ይኖራል። ዘንድሮ ዕቁብ ሲደርስ በር ይገዛል፣ ለከርሞ ሲሚንቶው ከቀመሰ ልስኑ ይደረጋል። ያ ሰው ዛሬም እየሠራ ነው፤ በገንዘቡ ፍጥነት ይሂድ እንጂ አልቆመም። ፌሮው ላይ የደፋው ቆርቆሮም ይመሰክርለታል፤ ብረቱ እንዳይዝግ የሚጠነቀቅ ሰው ይመለሳል።

ሌላም ዓይነት ጅምር አለ፤ ሰው የከለከለው ጅምር። በሌሊት ተሠርታ የምታድር የጨረቃ ቤት ታሪክ በነዚህ ከተሞች የታወቀ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎችም ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲባሉ፣ ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ እጅግ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ከፈረሱት መካከል ያለቀ ነበረ፣ ያላለቀም ነበረ። በእንዲህ ያለው ጅምር ላይ ጀማሪውን “ለምን አልጨረስክም?” ብሎ የሚጠይቅ ካለ የሚያላግጥ መሆን አለበት። እዚያ ላይ ጥያቄው ወደ ሌላ ዳኛ ይሄዳል።

እንግዲህ ጅምር ሦስት ዓይነት ነው ማለት ነው፦ የሚጠብቅ ጅምር፣ የተከለከለ ጅምርና የተረሳ ጅምር። ሦስቱም ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው፤ ፌሮው ያው ፌሮ ነው። የሚለያቸው ባለቤቱ ከነሱ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የምንወቅሰው ሦስተኛውን ነው። ቡራዩ ላይ ቤት ጀምሮ ሳይጨርስ ሰበታ ላይ መሬት የያዘ፣ ሰበታ ላይ መሠረት አስቆፍሮ ሱሉልታ ላይ አጥር ያሳጠረ ሰው ሦስት ቤት የለውም፤ አንድም ቤት የለውም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ሰው ነው። በወንጌልም ግንብ ሊሠራ ሲነሳ ወጪውን ቁጭ ብሎ ያላሰላ ሰው የመንገደኛ መሳቂያ እንደሚሆን ተነግሯል። ልብ በሉ፣ የተነቀፈው ገንዘቡ ስላነሰ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ባለማሰቡ ነው።

አሁን ከበድ ወዳለው እንምጣ። ጅምሩ የራሳችን ባይሆንስ? ሌላ ሰው ጀምሮት ያለፈውን ሥራ የመጨረስ ግዴታ አለብን? በዚህ ላይ ከአገራችን የመጻሕፍት ታሪክ የተሻለ መምህር አናገኝም።

የግዕዝን መዝገበ ቃላት ሊቁ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት። በዚያ ዘመን አውጉስት ዲልማን የተባለው ጀርመናዊ በ1865 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመው ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ነበረ፤ ፍችው ግን በላቲን ነው። የግዕዝ ባለቤት የሆነው ተማሪ የራሱን ቋንቋ ለማወቅ መጀመሪያ ላቲን ሊማር ነው? መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሥራቸውን ሳይፈጽሙ አረፉ፤ አደራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ደከሙበት፤ ቃላቱን በአበገደ ተራ አስኬዱት፣ ፍችውን በአማርኛ አደረጉት፣ ሰዋስዉንም ጨመሩበት። እሳቸውም መጽሐፉ ታትሞ ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው ወደ ሦስተኛው ሰው፣ ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተሻገረ። አለቃ ደስታ የመምህራቸውን ሥራ ለማተሚያ ቤት አብቅተው “መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ” በ1948 ዓ.ም. ታተመ። የራሳቸው ትልቅ ሥራ፣ “ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት”፣ የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ከመምህራቸው 14 ዓመት በኋላ።

ይህን ታሪክ ቆም ብለን እናስበው። አለቃ ደስታ ሊቅ ነበሩ፤ የራሳቸው ሐሳብ፣ የራሳቸው መጽሐፍ ነበራቸው። የመምህራቸውን ጅምር ጥግ አስቀምጠው የራሳቸውን ቢያስቀድሙ ማን ይከሳቸዋል? ሙታን አይከሱም። እሳቸው ግን የመምህራቸውን አስቀደሙ። እና ምን አጡ? ስማቸው አነሰ? ዛሬ የአማርኛ ተማሪ ሁለቱንም መጻሕፍት አጠገቡ አድርጎ ይሠራል፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። እንዲያውም የሌላውን ሰው ሥራ ለመፈጸም የተከፈለው ድካም የራስን ሥራ ለመሥራት ትምህርት ቤት ሆነ ቢባል ማጋነን አይመስለንም። የዕዳውን ባለቤት እዚህ ላይ አገኘነው ማለት ይቻላል። ዕዳው ለወረቀቱ አይደለም፤ ወረቀት ምን ያውቃል? ዕዳው ባደራው ሰንሰለት ላይ ላሉት ሰዎች ነው፦ ወደ ኋላ ለጀመሩት፣ ወደ ፊት ለሚያነቡት። ጅምር ሥራ በሁለት ወገን ሰው የያዘው ገመድ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው ሰው ሲለቅ ሁለቱም ወገን ይወድቃል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን እዚህ ላይ እጃቸውን ያወጣሉ። “ተዉ እንጂ! ይህማ ሰውን የጅምር ባሪያ ማድረግ ነው። የጀመርኩት ነገር ስሕተት መሆኑ ከገባኝስ? አቅሜ ካለቀስ? እስከ መቃብር ልጎትተው?” ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ መልስም ይፈልጋል።

ሱሉልታ የሯጮች ሜዳ ናትና መልሱን ከሩጫ እንውሰድ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በሳምንታት ውስጥ ማራቶንን አሸነፈ። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩ ታሞ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ። ያን ቀን ያሸነፈው የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነው። በዚያው ሩጫ ጆን ስቲቨን አክዋሪ የተባለው ታንዛኒያዊ ወድቆ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ እግሩ በፋሻ ታስሮ፣ እያነከሰ፣ ከማሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ገባ፤ ከጨረሱት ሁሉ የመጨረሻው ነበር። ዓለም አክዋሪን እስከ ዛሬ ያደንቀዋል፤ ይገባዋልም። ታዲያ አበበ ወረተኛ ነበር እንበል? እንዲህ የሚል ኢትዮጵያዊ አናውቅም። ለምን?

ሁለት ምክንያት ይታየናል። አንደኛ፣ አበበ ያቋረጠው ሌላ የሚጣፍጥ ነገር አይቶ አይደለም፤ አቅሙን እስከ ጫፍ ካየ በኋላ ነው። ወረተኛ የሚተወው ገና አቅሙን ሳይፈትሽ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራው አልወደቀም። ሦስተኛውን የማራቶን ድል ማሞ ፈጸመው። የክፍለ ጊዮርጊስን ሥራ ኪዳነ ወልድ፣ የኪዳነ ወልድን ሥራ ደስታ እንደፈጸሙት ማለት ነው። እንግዲያው ግዴታው “የጀመርከውን አንተው ራስህ ጨርስ” አይደለም። ግዴታው “የጀመርከውን ሜዳ ላይ ጥለህ አትሂድ” ነው። ማቆም ሌላ፣ መርሳት ሌላ። ያቆመ ሰው ዞር ብሎ “እኔ እዚህ ላይ ቆሜያለሁ፣ ቀሪው ይኸውላችሁ” ይላል። የረሳ ሰው ዞር አይልም።

እንዲያውም አንዳንድ ጅምር መፈታት አለበት። ጠማማ የተጀመረ ስፌት ተፈትቶ አክርማው ለሌላ ይውላል፤ ማንም ነውር ነው አይልም። ግሪኮች የኦዲሴዎስ ሚስት ፔኔሎፔ ቀን የሸመነችውን ሌሊት እየፈታች ዓመታት እንዳሳለፈች ይተርካሉ፤ ሸማው ያለቀ ቀን ከማትፈልጋቸው ጠያቂዎች አንዱን ማግባት ስለነበረባት ነው። እሷ አለመጨረስን መረጠች፤ ምርጫ ስለሆነም ክብር አላት። ትልቁ ነውር አለመጨረስ ሳይሆን አለመወሰን ነው። ጓዳ ጥግ የተቀመጠው ሞሰብ የሚያሳፍረው ስላላለቀ ብቻ አይደለም፤ “ይለቅ” ወይም “ይቅር” ያለው ሰው ስለሌለ ነው።

ቆሞ የቆየ ጅምርም ሁሌ መካን አይደለም። ከጅቡቲ የተነሳው የድሮው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ፤ ኩባንያው ገንዘቡ አልቆ ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ መሐል ሐዲዱ የቆመበት ሜዳ ከተማ ሆነ። ድሬዳዋ የጅምር ልጅ ናት ብንል አትቀየመንም። ነገር ግን ከዚህ ተነስተን “ጅምር ሁሉ ከተማ ይወልዳል” ብንል ራሳችንን መሸንገል ይሆናል። ሐዲዱ የቆመው ወደ ሌላ ሐዲድ ስለተሄደ አልነበረም፤ ቀጣዩ ኩባንያም ካቆመበት አነሳው እንጂ ሌላ አዲስ መስመር ከሌላ አቅጣጫ አልጀመረም።

የኅብረተሰብ ጅምር ከግለሰብ ጅምር የሚከብደው ብዙ ሰው ስለሚጠብቀው ነው። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በልዩ ልዩ የአገራችን ቋንቋዎች ሕዝቡ ፊደል እንዲቆጥር ተደረገ፤ ሥራው በሚቀጥለው ዓመት የዩኔስኮን ሽልማት አስገኘ። ስንት ሽማግሌ፣ ስንት እናት በጣት አሻራ ፋንታ ስማቸውን ጻፉ! የዘመቻውን ዘመን ፖለቲካ የሚወቅስ ይኖራል፤ ይህን ግን መካድ አይቻልም። ፊደል ደግሞ እንደ ስፌት ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ጋዜጣ፣ የሚገባበት ንባብ ቤት፣ ቀጣይ ትምህርት ካላገኘ ይረሳዋል። ለዚያ ተብሎ ድኅረ መሠረተ ትምህርት ታቅዶ ነበር። ጦርነቱና ድህነቱ በረታና ብዙ ቦታ ዙሩ ሳይደርስ ቀረ። እናት ስሟን መጻፍ ተምራ እንደገና አሻራ ወደማድረግ ስትመለስ፣ ፈጽሞ ካልተማረችው ይልቅ ሐዘኗ ይከፋል። ያልተጀመረ ነገር ተስፋ አይሰጥም፤ የተጀመረ ነገር ግን ተስፋ ሰጥቶ ይነሳል። ለዚህ ነው ጅምርን መርሳት ምንም ካለማድረግ እኩል ያልሆነው። መጀመር ቃል መግባት ነው፤ በአፍ ባይነገርም።

በሌላ በኩል የተፈጸመም አለ። የኤሌክትሪክ ባቡሩ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ተመርቆ ዛሬ ሰበታ የመስመሩ ጫፍ ናት፤ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሌላው፣ የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መስመር ግን ሐዲድ ተነጥፎለት ዓመታት ባቡር ሳያይ ቆየ፤ በጦርነቱም ተጎዳ። የዓባይ ግድብ በ2003 ዓ.ም. መጋቢት 24 ቀን መሠረቱ ተጥሎ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 4 ቀን ተመረቀ፤ 14 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ማለት ነው። ደመወዝተኛው ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ተማሪው ከኪሱ ቦንድ ገዝቶበታል። በመሐሉ ሥራው ሲጓተት፣ ተርባይን ሲዘገይ፣ ተስፋ የቆረጠም ነበረ። የማለቁ ትርጉም ኃይል ማመንጨቱ ብቻ አይደለም፤ ያዋጣው ሰው አለመታለሉ ነው። ይሁንና ግድቡ አለቀ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ገና መብራት ያልገባበት ጎጆ ብዙ ነው። አንድ ፍጻሜ ሲቀርብ ከኋላው ሌላ ዙር እንዳለ ያሳያል፤ እንደ ስፌት።

ታዲያ አዲስ ነገር አንጀምር ነው የምንለው? አይደለም። አዲስ ሐሳብ እንደ አክርማ ነው፤ ወቅት አለው። መስከረም ላይ ካልተለቀመ በጥር አይገኝም። እናቶቻችን ግን አክርማ መልቀምና ስፌት መጀመርን አይቀላቅሉም። ይለቅማሉ፣ ያደርቃሉ፣ አስረው ሰቅለው ያስቀምጣሉ፤ በእጅ ያለው ሲያልቅ ያወርዱታል። እኛም አዲስ ሐሳብ ሲመጣልን ደብተር ላይ እንጻፈው፣ እንስቀለው። ቢረሳ የሚጠፋ ሐሳብ ከሆነ ደግሞ ምናልባት ያን ያህል አልነበረም። ከጊዜው የተረፈ ሐሳብ ግን የደረቀ አክርማ ነው፤ ሲነክሩት ይለሰልሳል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው። ጅምር ዕዳ አለው፤ ዕዳው ለዕቃው ሳይሆን በዕቃው ለተሳሰሩት ሰዎች ነው፤ የሚከፈለውም በሦስት መንገድ ነው፦ በመፈጸም፣ ለሚፈጽመው ሰው በማስረከብ፣ ወይም አውቆ በመፍታትና “ተውኩት” ብሎ ለሚጠብቁት በመናገር። አራተኛው መንገድ፣ ዝም ብሎ ወደ አዲሱ ማለፍ፣ መንገድ አይደለም።

ይህን በቃል ማሰሩ ቀላል ነው። ስለዚህ አንድ የሚሠራ ነገር እናቅርብ። በዚህ ሴሚስተር ውስጥ እያንዳንዳችን ጅምሮቻችንን በአንድ ገጽ እንዘርዝር፤ ሳንደብቅ፣ ግጥሙንም፣ ጥናቱንም፣ ለጓደኛ የገባነውንም ቃል። ከጎኑ ይለቅ፣ ይሰጥ፣ ይፈታ ብለን እንጻፍ። “ይሰጥ” ያልነውን ይዘን ወደ ሥነ ጽሑፍ ምሽታችን እንምጣ፤ የአንዱ ጅምር ለሌላው ሥራ ሊሆን ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ተብሏል። “ይለቅ” ካልነው ውስጥ ደግሞ አንዷን ብቻ፣ ለመጨረስ የቀረበችውንና የምንፈራትን፣ እናስቀድም። ጠማማ ብትሆን ትሁን። ጠማማ ሞሰብ እንጀራ ይይዛል፤ ጅምር ሞሰብ ግን አይይዝም።